እመ ዲና ገንዘቤ መቀርቀሪያውን ከውጭ ወደ ውስጥ ያስገቡበት ዜና

በዘመነ ማርቆስ፣ አቶ ዘርአጽዮን በትምህርት ቤቱ ቦርድ ወንበር በተቀመጡ በሦስተኛው ዓመት፣ የብሎኩ የውኃ ታንከር በተሰነጠቀ በሁለተኛው ዓመት፣ ከላምበረት ወደ የካ አባዶ የሚሳፈረው ሕዝብ ሰልፉ ከመርዘሙ የተነሣ ዞሮ የራሱን ጅራት ባየበት ወራት፣ ወይዘሮ ገንዘቤም ከፊደል ገበታ ጋር ተዋግተው ከሀ እስከ ኘ ያለውን አገር አቅንተው በአ ደጃፍ ድንኳን በተከሉበት በዚያ መንፈቅ፣ ይህ ታላቅ ነገር ሆነ። ንጽሕፍ እንከ ዜና ገድላ ለገንዘቤ እመ ዲና፤ እንዴት እንደ ተነሡ፣ እንዴት እንደ ዘመቱ፣ እንዴትም አንድ መቀርቀሪያ ከበር ውጭ አንሥተው በበር ውስጥ እንዳኖሩ፣ የርቀቱም መጠን የአንድ ሳንቃ ውፍረት እንደ ነበረ፣ ሳንጨምርና ሳንቀንስ እንጽፋለን።

እኒህ ገንዘቤ ከሆሳዕና ወጥተው በሸገር ምሥራቅ የከተሙ፣ አሳንሰር የሌለውን አራተኛ ፎቅ በየዕለቱ የሚወጡ፣ ጄሪካን በቀኝ ዘንቢል በግራ የሚይዙ፣ የሚኒባስ ነጂው የላጲሶ ባለቤት፣ የጎልማሶች የቅዳሜ ክፍል የፊተኛ ወንበር ባለርስት፣ በጸሎት ቤታቸው የማክሰኞ ኅብረት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የሚጸልዩ፣ ከጸሎት ቤት ከወጡ በኋላ ግን በሰው ፊት ለመናገር ድፍረት የሚያጥራቸው ሴት ነበሩ። ሥጋት የተባለ ሁሉ ማደሪያው እርሳቸው ዘንድ ነው፤ ልጃቸው ብታስነጥስ ሹራብ ይደርባሉ፣ ባታስነጥስ ደግሞ ምን ሆና ዝም አለች ብለው ግንባሯን ይዳስሳሉ። የሚሳሱላትም የሚፈሩላትም ይህች አንዲት ልጅ፣ የሦስተኛ ክፍሏ ዲና ነበረች።

የዘመቻውም ምክንያት ኮዳ ነው። ሰማያዊው የዲና የውኃ ኮዳ ጠዋት ሞልቶ ይሄዳል፣ ከሰዓት ሞልቶ ይመለሳል፤ የተላከበትን ሳያደርስ እንደሚመለስ መልእክተኛ ሆነ። ወይዘሮ ገንዘቤ መጀመሪያ ውኃው ጣዕሙ ተበላሽቶ ይሆናል ብለው አፈሉት፣ ቀጥለው ኮዳውን በአመድ አጠቡት፣ ቀጥለው ሎሚ ጨመቁበት፤ ኮዳው ግን ከነሎሚው ተመለሰ። በዚህ መካከል ልጅቱ ሆዷን ታመመች፣ ሽንቷም አቃጠላት፤ በጤና ጣቢያ ያየቻት ሐኪም፣ ይህች ልጅ ውኃ ሳትጠጣ፣ ሽንቷንም እየያዘች የምትውል ከሆነ ኩላሊቷ ይጎዳል ብላ ተናገረች። የእናትም ልብ በዚያች ሰዓት ከአራተኛ ፎቅ ምድር ቤት ወረደ።

ወእምዝ፣ ነገሩ ሲመረመር ምስጢሩ ወጣ። ስሙን ለክብሩ ስንል የማንጠራው የዚያ ትምህርት ቤት የሴቶች መጸዳጃ ቤት በር በነፋስ እየተላጋ ሲያስቸግር፣ ባለፈው ክረምት አንድ መቀርቀሪያ ተገዝቶ ተመታለት፤ የተመታለት ግን ከውጭ ነው። ስለዚህ በውስጥ ያለች መዝጋት አትችልም፣ በውጭ ያለ ግን እሷን መዝጋት ይችላል። የባለሱቋ የዘሃራ ልጅ ሀጀር፣ የዲና ጓደኛ፣ በሩን በጀርባዋ ደግፋ ትጠብቅላት ነበር፤ ሀጀር ወደ ሌላ ክፍል በተዛወረች ጊዜ ግን የዕረፍት ሰዓታቸው ተለያየና ዲና ያለ ዘብ ቀረች። አንድ ቀን ልጆች በሩን በርግደው ሳቁባት። በሌላ ቀን ከውጭ ቀረቀሩባት፤ ደወሉ ተደውሎ፣ ሁሉም ክፍሉ ገብቶ፣ ግቢው ጭር ብሎ ሳለ እሷ በውስጥ ቆማ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ውኃን ተወች።

ወይዘሮ ገንዘቤም በሥርዓቱ ሄዱ። ሥርዓቱ እንዲህ ነው፤ ቅሬታ ያለው ወላጅ አስቀድሞ ለክፍል ኃላፊው፣ ቀጥሎ ለርዕሰ መምህሯ፣ በመጨረሻ ለቦርዱ ያሰማል፤ ደረጃ የዘለለ ወደ ዘለለው ደረጃ ይመለሳል። የክፍሉ ኃላፊ መምህር ቃልአብ ከልቡ አዘነላቸውና እንዲህ ሲል አወጀ፦

«እኔ የምገዛው ጥቁር ሰሌዳውንና እነዚህን ዴስኮች ነው፣ እናቴ። ከኮሪደሩ ወዲያ ያለው የርዕሰ መምህሯ ግዛት ነው፤ እኔ ራሴም እዚያ የምሄደው አስፈቅጄ ነው።»

ርዕሰ መምህሯ መምህርት ሉዋምም ወንበር ስበው አስቀመጧቸው፣ እስከ መጨረሻው አዳመጧቸው፣ ግንባራቸውንም ይዘው ይህን አዋጅ ተናገሩ፦

«በንብረት ቆጠራው ላይ ለሴቶች በር መቀርቀሪያ አለ ተብሏል። አለ የተባለ ነገር ስጡኝ ብዬ ብጠይቅ፣ ያለውን የት አደረስሽው እባላለሁ። ከውጭ ወደ ውስጥ ማዛወር ደግሞ ጥገና ነው፤ ጥገና የቦርዱ ነው፤ ቦርዱ የሚሰማው በወላጆች ስብሰባ ላይ ነው። እኔም የሴት ልጅ እናት ነኝ፤ ግን እጄ እስከዚህ ጠረጴዛ ጠርዝ ድረስ ነው።»

ባለቤታቸው ላጲሶ ይህን በሰማ ጊዜ ከሚኒባሱ ወንበር ሥር ካቻቢቴውን መዞ፣ ሥራው የአንድ ሲኒ ሻይ ጊዜ አይወስድም ብሎ ወደ ትምህርት ቤቱ በር ገሠገሠ። በዚያም ጡረታ የወጡት ወታደር፣ የግቢው ጥበቃ ጋሽ ሰዲቅ፣ ዱላቸውን በበሩ ላይ አጋድመው አወጁ፦

«በዚህ ግቢ ያለ ቦርድ ቃል አንዲት ብሎን የዞረች እንደሆነ፣ አዟሪውም ካቻቢቴውም እዚሁ ያድራሉ። ላጲሶ፣ አንተን አውቅሃለሁ። ካቻቢቴህን ግን አላውቀውም።»

ላጲሶም ካቻቢቴውን ወደ ሰገባው መለሰ።

ከዚህ በኋላ በትምህርት ቤቱ በር ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ወይዘሮ ገንዘቤ ዳቦ ገዝተው ሲመለሱ ከፊቱ ቆሙ፤ ማንንም ሳይጠሩ «ስብሰባ» የሚለውን ቃል ከነሠራዊቱ ማረኩ፤ «ቅዳሜ» ከሚለው ሲደርሱ ግን ዳ ገና ያልቀና አገር ስለ ነበረ ዘሃራን አስጠርተው በእርሷ ረዳትነት አለፉት። ቅዳሜም የጎልማሶች ክፍል ቀን ነበረ፣ ያውም አ የሚያዝበት ቀን። ስለ ልጃቸው ኮዳ ሲሉ «አ»ን ለሌላ ጊዜ አቆዩ፤ ጥያቄያቸውንም በገዛ እጃቸው፣ ያልቀኑትን ፊደሎች በዘሃራ እጅ እያስጻፉ፣ በቁራጭ ወረቀት ላይ አሰፈሩ።

በዘመቻው ቀን የተከተሏቸው እነዚህ ናቸው። በቀኝ ክንፍ ዘሃራ ዘወሎ፣ ሱቋን ቆልፋ፣ በካርቶን ላይ «መጣሁ» ብላ ጽፋ ሰቅላ፤ በግራ ክንፍ የማክሰኞ ኅብረት እናቶች ከነጃንጥላቸው፤ በደጀንነት ሴት ልጆች የበዙለት ልብስ ሰፊው ያሕያ፣ ሜትሩን ካንገቱ ሳያወርድ፤ በመካከል ዲና ከነሙሉ ኮዳዋ። ትምህርት ቤቱ ከብሎኩ ግርጌ ነውና በእግር ይደረስ ነበር፤ ነገር ግን እግረኛ ሠራዊት ክብር የለውም ተብሎ በሚኒባስ ተኬደ። ላጲሶም ልማድ ሆኖበት በመስኮቱ ብቅ ብሎ፣ «ትምህርት ቤት፣ ትምህርት ቤት፣ ቀጥታ ቦርድ፤ ሁለት ሰው የቀረው» እያለ ነጋሪት ጎሰመ። ሁለት የማያውቋቸው ሰዎች ገብተው እስከ ስብሰባው አብረው ዘመቱ።

አዳራሹ የሕፃናት መማሪያ ክፍል ስለ ነበረ ወላጆች በልጆች ዴስክ ላይ ተቀመጡ፤ የከበሩ አባቶች ጉልበታቸው ከአገጫቸው ጋር ሰላምታ ተለዋወጠ። አቶ ዘርአጽዮን፣ በአያት ቪላ የሚኖሩ፣ በቦሌ ቢሮ የሚውሉ፣ የመኪና ቁልፋቸውን እንደ በትረ መንግሥት ከእጃቸው የማይለዩ ሊቀ መንበር፣ ተነሥተው ሕጉን አወጁ፦

«ጥያቄ ሦስት ሦስት እንሰበስባለን፣ መልሱን በአንድ ላይ እንሰጣለን። የተጠየቀው ይያዛል፣ የተያዘው ይታያል፣ የታየው ለሚመለከተው ይመራል። አጠር፣ አጠር። ቦሌ ቀጠሮ አለኝ።»

በመጀመሪያው ሦስት ውስጥ አንዱ ስለ ስፖርት ቱታ ጠየቀ፣ አንዱ ስለ ቱታው ቀለም ጠየቀ፣ አንዱ ቱታ ለምን አስፈለገ አለ። በሁለተኛው ሦስት ውስጥ አንድ ሽማግሌ ጥያቄ የለኝም አስተያየት ነው ብለው ስለ አካባቢው አመሠራረት ከጥንት ጀመሩ። ወይዘሮ ገንዘቤ እጃቸውን ባወጡ ቁጥር እጃቸው ሳያውቁት ተመልሶ ይወርድ ነበር፤ ዘሃራም ከሥር ትገፋው ነበር። በመጨረሻ ሊቀ መንበሩ በቁልፋቸው ጠቆሟቸው።

ተነሡ። ወረቀቱን ዘረጉት። ፊደሎቹ ግን ከዱአቸው፤ ትላንት በጉልበታቸው የተያዙት ሁሉ በአንድ ጊዜ ሸፈቱና ወረቀቱ ላይ እንደ ጉንዳን ተራወጡ። የሰው ዓይን በረታባቸው፣ ከልጅነት ጀምሮ በልባቸው ካለው በቀር ሌላ ቃል ጠፋ። በኅብረታቸው የሚነሣ ሰው ሁሉ አስቀድሞ ይባርካልና፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ «እግዚአብሔር ይባርካችሁ፣ ልጆቻችንን ይጠብቅልን፣ ለከርሞ በሰላም ያድርሰን» አሉ።

ጉባኤውም በአንድ ድምፅ አሜን አለ፤ አሜንም ብሎ ተነሣ። በዚህ አገር ምርቃት የስብሰባ መዝጊያ ነውና፣ ከምርቃት በኋላ የሚቀመጥ ማን ነው። ዴስኩ ተንኳኳ፣ ጃንጥላው ተነሣ፣ በሩ ጠበበ። ወይዘሮ ገንዘቤ ዓይናቸውን በገለጡ ጊዜ በአዳራሹ የቀሩት እርሳቸው፣ ሠራዊታቸውና አንድ የተረሳ ባርኔጣ ብቻ ነበሩ። አቶ ዘርአጽዮን ከደጅ ሆነው፣ «እናታችን ባማረ ሁኔታ ዘግተውልናል» ብለው መኪናቸውን አስነሡ። በዚያች ቀን የሆነው ሽንፈት እንዲህ ነበረ። በመልሱ ጉዞ በሚኒባሱ ውስጥ ዘሃራ፣ «አብሽሪ ገንዜ፤ ቦርድን ያህል ነገር በአንድ ትንፋሽ በተንሽ። ዝናብ እንኳ እንዲህ አይበትንም» አለች።

ኮዳውም ሰኞ ሞልቶ ሄደ፣ ሞልቶ ተመለሰ። ወይዘሮ ገንዘቤ የልጃቸውን የደረቀ ከንፈር እያዩ፣ ይህን አፍ ያመጣሁት ለምን ኖሯል እያሉ ራሳቸውን ወቀሱ።

ነገር ግን ሽንፈት ዝናን ወለደ። የምርቃታቸው ወሬ ከብሎክ ብሎክ ተዛመተ፤ እንዲህ እጥር ምጥን አድርጎ ስብሰባ የሚያስፈታ ሰው አይተን አናውቅም ተባለ። ቀጣዩ ስብሰባ በቀረበ ጊዜ መምህርት ሉዋም ከቦርዱ ዘንድ መልእክት ላኩ፤ የጥያቄው ሰዓት በቱታው ጉዳይ ተይዟልና ጥያቄ እንዳይጨመር፣ መዝጊያው ምርቃት ግን በእመ ዲና እንዲሆን። ዘሃራ ይህን በሰማች ጊዜ የሱቋን መስኮት ደፍታ ለጦር ምክር ተቀመጠች፤ ቃሏም ይህ ነበረ፦

«ጠይቂ ሲሉሽ መረቅሽ። አሁን መርቂ ብለውሻል፣ እንግዲህ ምን ቀረሽ? ለጥያቄ መልስ ሊነሡሽ ይችላሉ። ለምርቃት ግን ያለው መልስ አንድ ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ አንቺ ሳትጨርሺ ነው የሚሉት። ወረቀትም አያስፈልግሽም።»

ወይዘሮ ገንዘቤም ምርቃት መለመኛ ይሆናል ወይ ብለው ተጨነቁ፣ ጸለዩበት፣ በስተኋላም የሚመርቅ ሰው ለልጁ መልካሙን ካልተመኘ ለማን ይመኛል ብለው ልባቸውን አጸኑ።

በሁለተኛው ዘመቻ ሠራዊቱ እንደ ፊተኛው ተሰለፈ፤ ሁለቱ የማያውቋቸው ሰዎችም የነገሩ መጨረሻ ናፍቋቸው ተመለሱ። ስለ ቱታ የሚባለው ሁሉ ተባለ። አቶ ዘርአጽዮን ሰዓታቸውን አይተው፣ ቁልፋቸውን ጨብጠው፣ ምርቃት ብለው ተነሡ። ጉባኤውም ተነሣ፤ እስላሙም ክርስቲያኑም መዳፉን ዘረጋ። ወይዘሮ ገንዘቤ ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ አነሡ፤ ድምፃቸውም የማክሰኞው ድምፅ ነበረ።

ልጆቻችንን ያሳድግልን አሉ፤ አሜን ተባለ። የላምበረትን ሰልፍ ያሳጥርልን አሉ፤ አሜኑና አሚኑ ተደባልቆ መስኮቱን መታ። የጠፋውን ውኃ ወደ ቧንቧችን ይመልስልን አሉ፤ በዚህኛው አንዲት እናት አለቀሱ። ከዚህ በኋላ ሕዝቡ እንደ ቁልቁለት መኪና ራሱን መግታት የማይችል በሆነ ጊዜ፣ ይህን ቃል ጨመሩ፦

«የሴቶች ልጆቻችን መጸዳጃ ቤት መቀርቀሪያ ከውጭ ወደ ውስጥ ይግባልን።»

አሜን ተባለ፤ አሜኑ ካፍ ከወጣ በኋላ ነገሩ ጆሮ ደረሰ።

«አቶ ዘርአጽዮንን ይባርክልን፤ ቦሌ ሳይሄዱ ሲያስነቅሉት ያሳየን።»

ስሙ በምርቃት ሲጠራ አሜን የማይል ሰው የለምና፣ ከሁሉ የበለጠው አሜን የወጣው ከራሳቸው ከአቶ ዘርአጽዮን ደረት ነበረ።

ሊቀ መንበሩ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ቦርዱ ጉዳዩን በአንክሮ ያየዋል ብለው ወደ በሩ አንድ እርምጃ አነሡ። ወይዘሮ ገንዘቤ ግን እጃቸውን አላወረዱም። እጅ ካልወረደ ምርቃት አልተዘጋም፣ ምርቃት ካልተዘጋ ደግሞ ማንም አይወጣም። ጋሽ ሰዲቅ በሩ ላይ ቆመው ነበርና አወጁ፦

«ምርቃት ረግጦ በዚህ በር የሚያልፍ እግር የለም፤ የሊቀ መንበርም ቢሆን። እኔ የምጠብቀው ግቢውን ነው፤ ከእርግማን ግን ልጠብቃችሁ አልችልም።»

ሕዝቡም መዳፉን እንደ ዘረጋ ቆመ። ስልኮች ጠሩ፣ ያነሣ የለም። አንድ ሰው ሊያስነጥስ ፈልጎ ተወው። ወይዘሮ ገንዘቤ ክንዳቸው እንደ እርሳስ ከበደ፣ ትከሻቸው ተቃጠለ፣ ፍርሃታቸውም መጣ፤ ይህን ሁሉ ሰው አቁሜ ምን አደረግሁ አሉ በልባቸው። ያን ጊዜ በመስኮቱ በኩል ዲናን አዩአት፤ በግቢው ውስጥ ከዚያ በር ፊት ለፊት ቆማ፣ ሙሉ ኮዳዋን ታቅፋለች። እጃቸውን ወደ ላይ ገፉት። ሲዝልባቸው ዘሃራ በቀኝ ገብታ ክርናቸውን በትከሻዋ ደገፈች። በግራ የገባው ትከሻ የማን እንደ ሆነ ዞር ብለው ቢያዩ የመምህርት ሉዋም ነበረ፤ እጃቸው ከጠረጴዛው ጠርዝ አያልፍም ያሉት ርዕሰ መምህር፣ ቦርዱ እያያቸው ያንን ጠርዝ አለፉ።

አቶ ዘርአጽዮን በሩን አዩ፣ ሰዓታቸውን አዩ፣ የተነሡትን እጆች አዩ። ከዚያም አንገታቸውን ደፍተው፣ «ካቻቢቴ ያለው ሰው አለ?» ሲሉ አወጁ፤ ይህም የቦርዱ ውሳኔ ሆኖ ተመዘገበ። ላጲሶ ካቻቢቴውን እንደ ጎራዴ መዘዘ። ጋሽ ሰዲቅም ካቻቢቴውን ከላይ እስከ ታች ተመለከቱና፣ አሁን አውቄዋለሁ፣ ይለፍ አሉ።

ላጲሶና አቶ ዘርአጽዮን ግቢውን አቋርጠው ሄዱ፤ ያሕያም ሜትሩን ይዞ ተከተለ፣ ምን እንደሚለካ ግን አልታወቀም። ብሎኖቹ ተፈቱ፣ መቀርቀሪያው ከስደት አገሩ ተነሥቶ በሳንቃው ወዲያኛው ፊት ተተከለ። የበላይ አካል ሥራውን ፈትሾ ይረከባልና አቶ ዘርአጽዮን ወደ ውስጥ ገብተው ቀረቀሩት። ነፋሱ በሩን ገፋ፣ በሩ አልተከፈተም። እንደ ቆዩም ቆዩ። ያን ጊዜ ዲና ወደ በሩ ቀርባ፣ አመነታች፣ አንኳኳችም።

የሊቀ መንበሩም ድምፅ፣ ማንም ሰው በዚያ ስፍራ ሆኖ እንደሚለው፣ ከውስጥ ወጣ፦

«ሰው አለ።»

ይህ በዘመኑ ከታወጁ አዋጆች ሁሉ አጭሩና እውነተኛው ነው። ግቢውን አቋርጦ፣ በመስኮቱ ገብቶ አዳራሹ ደረሰ፤ ጉባኤውም መዳፉን እንደ ዘረጋ አሜን አለ። ያን ጊዜ ወይዘሮ ገንዘቤ እጃቸውን አወረዱ።

ሰኞም ከሰዓት በትምህርት ቤቱ በር ላይ ከሁሉ ቀድመው ቆሙ። ዲና ቦርሳዋን እያንጠለጠለች ወጣች፤ ጠዋት ሄጄ አንኳኩተውብኝ ሰው አለ ብዬ ጮህኩ፣ ዝም ብለው ሄዱ ስትል ዜናዋን በአጭሩ ነገረቻቸው፤ ወዲያውም ሳንቲም ስጪኝ ብላ ወደ ማስቲካዋ ጉዳይ አለፈች። እናት ግን ኮዳውን ተቀብለው በእጃቸው መዘኑት፣ ክዳኑን ከፈቱት፣ ገለበጡት። አንዲት ጠብታ በኮንዶሚኒየሙ አቧራ ላይ ወደቀች።

ሰላም ለእመ ዲና ገንዘቤ፣ ከኮንዶሚኒየም ነገድ ለተነሡ፣ ስብሰባን በአንድ ቃል ለበተኑ፣ በአንድ ቃልም ላቆሙ፣ «አ»ን ስለ ልጃቸው ትተው በቀጣዩ ቅዳሜ ተመልሰው ከነሰባት ልጆቹ ለማረኩት። ሌሎች አገር ያስፋሉ፤ እርሳቸው የአንድ ሳንቃ ውፍረት ያህል አስፍተው ለልጃቸው ከውስጥ የሚዘጋ ግዛት ሰጧት። ዘመናቸውም ዘመነ መቀርቀሪያ ይባል፤ ኮዳቸውም ሞልቶ ይሂድ፣ ባዶውን ይመለስ፤ ይህን ያነበበ ሁሉ አሜን ይበል፣ ምን ላይ አሜን እንዳለ ግን አስቀድሞ ይስማ።